ከኋላው ያለው ግራጫ ኮት

ሰፈርተኛው ዓይነ ሜትር ነው የሚለው። ሰው ገና በሱቁ በር ሲገባ የወገቡን ልክ በዓይኑ የሚናገር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ነበር ነው የምላችሁ። ዘንድሮ ግን የመርፌዋ ቀዳዳ ጠፋችበት። ጉዱን ዋጥ አድርጎ ለማንም፣ ቤት ተቀምጣ ቁልፍና ጠርዝ ለምትሰፋለት ሚስቱ እንኳ ሳይተነፍስ ቀረ። ዓይኑ መድከሙ ከተሰማ ደንበኛ ይሸሻል፤ ሱቁንም፣ አሁን ለቀቀ አሁን ለቀቀ እያለ የሚጠብቀው ጎረቤቱ ሰፊ ይወስደዋል።

እንዲህ ተጨንቆ ሳለ ነው አንድ ግራጫ ነገር ይከተለው የጀመረው። ጠዋት ወደ ሱቁ ሲሄድ ይከተላል፤ ሲቆም ይቆማል። ፊቱን የት አይቶት፤ ኮት መሆኑን ብቻ ለየ። ዞር ሲል ሰው መሃል ይጠፋል።

ይባስ ብሎ፣ ለምሳ ቆልፎ ወጥቶ ሲመለስ ባዷቸውን የተዋቸው መርፌዎች ሁሉ ክር ገብቶላቸው አገኘ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ ደግሞ ቤት ተሰቅሏል። ጎረቤቱ ምስጢሩን ደርሶበት እያላገጠ መሰለው። ፈራ፤ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ምን ሆነሃል ብትለው ሙቀቱ ነው አላት፣ በዚያ ብርድ።

ሐሙስ ጠዋት ግን ቆረጠ፤ ዛሬ እይዘዋለሁ አለ። የመኪናው መንገድ ዳር ሲደርስ ኮቴው ከኋላው ተሰማው። የትራፊክ መብራቱ የፈቀደለት መስሎት አስፋልቱ ውስጥ ገባ። አንድ እጅ አንገትጌውን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው፤ የጭነት መኪና አፍንጫው ስር አለፈ።

«ያዝኩህ!» ብሎ እጅጌውን ጨመደደ።

ጣቶቹ ግን ደነገጡ። ከእጅጌው ጫፍ፣ ከገበሩ ስር፣ ሦስት ቋጠሮ አለ። ስፌት ሲጨርስ ክሩን ሦስቴ የሚቋጥር እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰፊዎች ክር አባካኝ እያሉ ይስቁበታል። ኮቱ ለልጁ የሰፋለት፣ ልጁ ሌላ ከተማ ሲሄድ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቶት የሄደው ነው።

«መብራቱ ቀይ ነበር» አለች፣ ኮቱን የለበሰችው ሚስቱ።

ከመቼ ጀምሮ እንደምትከተለው ጠየቃት። መርፌዋን ማየት ካቃተው ቀን ጀምሮ መሆኑን ነገረችው፤ እሱ ሲደብቃት እንዳታሳፍረው ብላ እሷም ተደበቀች። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት በተሰቀለው ቁልፍ ሱቁ የምትገባውም እሷ ነበረች። እፎይ ሊል ሲል ትዝ አለው፤ ሰሞኑን ደንበኛው ሁሉ እጅህ ዛሬም ያው ነው እያለ ሲያደንቀው ሰንብቷል።

«ስፌቱንስ ነክተሽዋል?»

«ጠማማውን ብቻ» አለችው።

አመመው፤ ከመኪናው ይልቅ ይሄ አመመው። ቢሆንም እጅጌዋን አልለቀቀም፤ ተያይዘው ተሻገሩ። ሱቁ ሲደርሱ ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ እሷ ግን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገብታ ነበር።