«ዓይኑን የማይነቅል ስጡኝ»

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ የቅዳሜ እግር ኳስ ቡድናችን አሰልጣኝ ነበሩ። የተጋጣሚን ኮከብ የሚይዝ ሰው ሲመርጡ ፈጣኑን አይጠሩም፤ «ዓይኑን የማይነቅል ስጡኝ» ነበር የሚሉት። ሮውሌት ከተማ ስንጫወት የማኪኒ ከተማን ቡድን አጥቂ እንድይዝ እኔን መረጡ። ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ እንኳ ተከተልኩት፤ ጋሼ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ሆነው በሳቅ ፈነዱ።

ሆስፒታል የተኙ ጊዜም፣ አስታማሚ በተራ እንመድብ ስንል፣ «ተዉ፣ እኔንም እሱ ይያዘኝ» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ኮል አደረገልኝና፣ ኮሪደር ወጥቼ ስለ ሺፍት ስከራከር ቆየሁ። ስመለስ ነርሷ ዓይናቸውን ከድናላቸዋለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ «ኮከባቸውን ማን ይያዝ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። መስመሩ ዳር የዘረጋነውን ባዶ ወንበር እያየሁ፣ «ሌላ ሰው ፈልጉ» አልኳቸው፤ «እኔ ዓይኔን ነቅያለሁ።»