በርሜል ሠሪው ፓንቴሌይና አንዲቷ ብርጭቆ

ባዴ ፓንቴሌይን ሳል የያዛቸው ልጃቸው ሊድያ በወለደች በሳምንቱ ነው። ባዴ የምንለው ታላቅን ስናከብር ነው። በእኛ በሞልዶቫ የወይን በርሜል ሠሪ ቢስል ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ በርሜል በድኝ የሚያጥን ሰው መሳሉ አይቀርም። እሳቸው ግን ከሁለት ዓመት በፊት በሳንባ ነቀርሳ ታመው የዳኑ ሰው ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ሊድያ በሩን ዘግታ ቆመች።

"አባዬ፣ ሳትመረመር ልጄን አታቅፋትም። ብትቀየመኝም ተቀየመኝ።"

አልተቀየሙም። እኔ ወደምሠራበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ መጡና አክታቸውን ሰጡኝ።

"ዚኖቪያ፣ ደህና ነህ በይኝና ልሂድ።"

"እኔ ጠንቋይ ነኝ እንዴ? ይቀመጡ።"

የላቦራቶሪያችን መሣሪያ የነቀርሳውን ባክቴሪያ ዘረመል ፈልጎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይናገራል። ተናገረም፦ እጅግ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ባዴ ፓንቴሌይ ፊቴን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አስከሬን ሲያልፍ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

"ይስሙኝ" አልኳቸው። "ይሄ መሣሪያ የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው አይለይም። ከድሮው ሕመምዎ የቀረ ሬሳ ሊሆን ይችላል። በሕይወት ካለ ግን ምግብ ስንሰጠው ይራባል፣ ቁጥሩ ይበዛል። ስድስት ሳምንት እንጠብቅ።"

"ካልተራባስ?"

"ካልተራባማ የልጅ ልጅዎን ያቅፋሉ።"

ፈሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። በርሜል መሥሪያቸው ውስጥ አልጋ ዘርግተው ብቻቸውን ከረሙ። ሊድያ የበቆሎ ገንፎውን ደፍ ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች። እሳቸው ሕፃኗን በመስኮት ያይዋታል፤ መስታወቱን እንዳይነኩት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። እኔም በየጠዋቱ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ አክታቸውን የዘራሁበትን ጠርሙስ ለማየት እገባ ነበር። በስንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ስድስት ሳምንት ሞላ፤ ምንም አልተራባም። የውጤቱን ወረቀት ይዤ ወደ ቤታቸው እየሮጥኩ ሄድኩ። ሊድያ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፤ ሕፃኗን ግን ከእቅፏ አላወረደችም።

ባዴ ፓንቴሌይ በደስታ እጄን ይዘው ወይን ወደሚያስቀምጡበት ምድር ቤት አወረዱኝ። እዚያ የገባ ሁሉ የሚጠጣው በአንዲት ብርጭቆ ነው፤ ባለቤቱ ቀድሞ ይጠጣል፣ ከዚያ ሞልቶ ለእንግዳው ያቀብላል። ሁለተኛ ብርጭቆ መጠየቅ ነውር ነው። ሊድያ ልጇን ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ ታየናለች።

ጠጡ፣ ሞሉ፣ ዘረጉልኝ።

ነቀርሳ በብርጭቆ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ምንም አለመኖሩን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። እጄ ግን ዘገየ። አንዴ ተንፍሶ ለመጨረስ ያህል ብቻ ነው የዘገየው።

ቀና ስል ሊድያ የምታየው እጄን ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ላይ ወጣች። የቤቱ በር ሲዘጋ ሰማን።

ብርጭቆዋን ተቀብዬ እስከ አተላዋ ጨለጥኳት። ራሴ ሞልቼ ደገምኩ።

"ሊድያን ላናግራት" አልኩ።

"ተያት" አሉኝ ባዴ ፓንቴሌይ፣ ብርጭቆዋን ከእጄ ወስደው በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ። "አንቺ እንኳ ፈርተሻል።"