ማርከሻ

አዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ወተት ቤት፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ሠራተኞቹን ሲያራግፍ አንድ ሰው ይገባል። ሰማያዊ ቱታው ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው። እጆቹ ኖራ ውስጥ የከረሙ ይመስል ነጥተው ተሰነጣጥቀዋል፤ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል። ወተቱን መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠጣው።

«ከማሽን ላይ ግራሶ የምናጥብበት ፈሳሽ ራስ ያዞራል» አለ ዛሬ። «ማርከሻው ወተት ነው።»

«የአፍ መሸፈኛ አይሰጧችሁም?» አለችው የወተት ቤቱ ባለቤት ከበቡሽ።

«ጓዶች ሊጎበኙን ሲመጡ ከመጋዘን ይወጣል። ሲሄዱ ይቆለፍበታል።»

እንደ ወትሮው ትንሿን ጀሪካን አቀበላት። ክዳኑ ሲከፈት ያው የቱታው ሽታ ወጣ።

«ፈሳሹ የመጣበት ነው፤ በደንብ አጥቤዋለሁ» አላት። «ለልጄ ቅጂልኝ። እሷም ሰሞኑን ራሴን አዞረኝ ትላለች።»