የቁስቋም ዳገትና የእትዬ በላይነሽ ስእለት

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ተመርምሬ ስኳርሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ መሰለኝ፣ ማታውኑ ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ በአንድ እጇ ኬክ፣ በሌላው ለስላሳ ይዛ። ልጄ ደግሞ መጥረጊያውን ከእጄ ነጥቃ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝና፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ቁጭ ነው" አለችኝ። ሳቄ መጣ። እትዬ በላይነሽን አስታወሱኝ።

እትዬ በላይነሽ የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። እትዬ የሚላቸው እሱ ነው፤ እኛም ከሱ ሰምተን እትዬ አልናቸው። ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነው፣ ቡልጋ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ብቻቸውን ማለቴ፣ እ... ማኅበርተኞቻቸው ደጃቸውን ሳያንኳኩ የሚመሽ ቀን አልነበረም። ውኃ ጥሙና ድካሙ ሲበዛባቸው አባዬ ሄዶ አመጣቸው። ሐኪም ቤት ሲወስዳቸው ስኳር ነው ተባለ።

ቤታችን እንጦጦ ግርጌ፣ ከቁስቋም ማርያም ዳገት ሥር ነው። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ሥራ ስለሌለኝ እትዬን መንከባከብ ለእኔ ተሰጠ።

አባዬ እህቱን ከልቡ ይወዳል። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ፍቅር ነው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር መደብ ላይ ፍራሽ አነጠፈላቸውና ከዚያ እንዲነሱ አልፈቅድም አለ። ብርጭቆ ሊያነሱ ሲሉ፣ "ኧረ እትዬ፣ እኛ እያለን!" ይላል። ቅቤ የጠጣ ዶሮ፣ ፓስታ፣ ማንኪያ የሚያቆም ጣፋጭ ሻይ ይቀርብላቸዋል። ጠያቂው ደግሞ ባሰ። ታማሚ ቤት ባዶ እጅ አይኬድማ! እግዜር ያሳያችሁ፣ የስኳር በሽተኛ ሊጠይቁ ስኳር በኪሎ ይዘው ይመጡ ነበር። ብስኩቱ ይከፈታል፣ ለስላሳው ይቀዳል። እትዬ ይቅርብኝ ሲሉ፣ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!" ይባላሉ። በሞት ተለምኖ እምቢ የሚል ሰው ደግሞ በእኛ ዘር አልተወለደም።

ስኳሩ ይወርዳል ሲባል ወጣ። ሐኪሙ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልቀነሰ ወደ መርፌ እንገባለን አለን። እትዬ አገር መርፌውን የሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ የለም፤ የሚከታተላቸው ክሊኒክም ሩቅ ነው። አባዬ ወደ ቤት ስንመለስ በቀስታ፣ "እንግዲህ እትዬ፣ አገር ቤት የሚባለውን ይርሱት፤ ከእኛው ጋር ይኖራሉ" አላቸው።

ማታ እግራቸውን ሳጥባቸው እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

"ልጄ፣ ደጃፌን ሣር ውጦት ይሆናል" አሉኝ። "እዚያ ሰው ይፈልገኛል። የታመመ አለ ሲባል እኔ እጠራለሁ፣ ማኅበር ሲደርስ እኔ እጠራለሁ። እዚህ የምፈለገው ለመጉረስ ብቻ ነው።"

እግራቸውን አድርቄ ጋቢያቸውን አለበስኳቸው።

በነጋታው ቁርስ ላይ እትዬ ሻዩን ገፋ አደረጉና፣ "ተሾመ፣ ለቁስቋም ማርያም ተስያለሁ" አሉት አባዬን። "ቤቴ እስክገባ ጣፋጭ አልቀምስም። ጠዋት ጠዋትም በእግሬ ሄጄ ኪዳን አደርሳለሁ።"

"እትዬ፣ ዳገቱ እኮ..."

"ከእሷ ጋር ተነጋገር።"

አባዬ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ስእለት ላይ ምን ይባላል? ጠያቂዎችም ለስላሳውን ይዘው ሲገቡ እኔ በር ላይ፣ "ስእለት ላይ ናቸው" እላለሁ፤ በሞቴ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። በቃ፣ ሐኪሙ ያቃተው በአንድ ቃል አለቀ።

ወቅቱ ጽጌ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ፣ መንገዱ ዳር አደይ አበባው ገና አልጠወለገም፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል በጤዛ ርሶ ይሸታል። መጀመሪያ ላይ እትዬ ክንዴን ይዘው በየመታጠፊያው ያርፉ ነበር። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን ሴቶች እያስቆሙ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃሉ። እየዋለ እያደረ ክንዴን ለቀቁ። ከኪዳን በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ከሚጠርጉት ባልቴቶች ጋር ተወዳጁና እሳቸውም መጥረጊያ ያዙ። አንድ ቀን ከቀሩ፣ "የት ጠፉ?" የሚሏቸው ሰዎች አገኙ። ተመልሰን ጎመንና ሽሮ እንበላለን። ክኒናቸውን አንድም ቀን አላስተጓጎሉም።

ቀጠሮው የደረሰው ለቁስቋም በዓል ጥቂት ሲቀረው ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አየ፣ ደግሞ አየ።

"እናቴ፣ ምንድን ነው የሚወስዱት?"

"ያዘዝከኝን ክኒን። ከሱ ጋር ዳገት።"

ሐኪሙ ሳቀና፣ መርፌው ይቅር፣ ክኒኑን ካልተዉ አገርዎ መግባት ይችላሉ አላቸው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አባዬ ግን ደስ ይበለው ይክፋው ሳያውቅ ኮፍያውን ያገላብጥ ነበር።

የበዓሉ ቀን ሁላችንም ወጣን። ዳገቱ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። መንገድ አጋማሽ ላይ ዞር ስል አባዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። እትዬ ከላይ ወገባቸውን ይዘው ቆመው፣ "ተሾመ፣ ና እንጂ! አንተ ስእለት የለህም?" አሉት። የሚያልፈው ሰው ሳቀ፤ አባዬም እያለከለከ ሳቀ። ቅጥሩ ጋ ስንደርስ እትዬ የለቀቁት እልልታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከበዓሉ በኋላ ቤታቸው ገቡ፣ ሣሩንም በእጃቸው ነቀሉት። ስእለቱ እስከ ቤታቸው ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን አደሱትና ብዙ ዘመን ኖሩ። የጓሯቸውን ጎመን በመንገደኛ ይልኩልን ነበር። አሁን ሳስበው፣ እኛ ሰው ስንወድ እናስቀምጠዋለን፣ እናጎርሰዋለን፤ እንዲነሳልን መፈለግ እንዳለብን የሚነግረን የለም።

ትናንት ጠዋት ጫማዬን ሳስር ልጄ ደረሰችብኝ።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ አላልኩሽም?"

"ለቁስቋም ማርያም ተስያለሁ።"

አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ቁርጥ አያቷን፣ አባዬን። ብቻሽን አልሰድሽም ብላ ነጠላዋን አንስታ ተከተለችኝ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ኮቴዋ ጠፋኝ፤ ዞር ስል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለከልካለች።

ወገቤን ይዤ ቆምኩ። "ነይ እንጂ" አልኳት።