መዝገቡ ላይ ያልነበረችው ተጠቃሚ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ኮምፒዩተር ማንም አላስተማረኝም፣ ከመጽሐፍና ከስህተት ነው የተማርኩት፤ ይህንንም ቤቴ ውስጥ ደጋግሞ ያልሰማ የለም። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ናት። አራተኛው ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየው መምህር ነው።

መካኒሳ ባለው ቤታችን፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ለዘጠኝ ዓመት ተጋድሞ ኖሯል። የቤተሰቡን ፎቶ፣ የልጄን ፋይሎችና የመምህሩን የትምህርት ቪዲዮዎች ይዞ ለሁላችን የሚያካፍል፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ ሰርቨር ነው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ ላዩ ይሞቃል። መብራት ይበላል ብዬ፣ ሊኑክስ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር የምትሠራ መዳፍ የማትሞላ ኮምፒዩተር ገዛሁ።

ልጄን ያሳደግሁበት አንድ ሕግ አለኝ፦ ሰው የሚጠቀምበትን ነገር ሳትጠይቂ አትንቀዪ። ስለዚህ ከመንቀሌ በፊት የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ ማን እንደሚጠቀም አየሁ። ሦስት ሰው፦ እኔ፣ ልጄ፣ መምህሩ። ሁለቱንም ጠየቅሁ፤ ተስማሙ። ሐሙስ ዕለት ሁሉንም ገልብጬ አሮጌውን ዕቃ ቤት አስገባሁት። ምሳ ላይ ስለ ቁጠባ አጠር ያለ ንግግር አደረግሁ። ልጄ «አጠር ያለ» በሚለው አትስማማም።

እሑድ የባለቤቴ የማርያም ማኅበር ተራ ነበር። ድፎ ዳቦዋ እስከ ጀሞ ድረስ ስም አለው፤ በተራዋ የዳቦ ቤት ዳቦ አቅርባ አታውቅም። ጠዋት ሳፋው ላይ ቆማ አገኘኋት። ክረምት ነው፤ ሊጡ ቅዳሜ እንደተቦካ ተኝቷል፤ ኩፍ አላለም።

«እርሾው ተበላሽቶ ይሆናል» አልኳት።

«እርሾው ደህና ነው። ማሞቂያዬን ወስደህብኝ ነው።»

«የምን ማሞቂያ?»

በአገጯ ባዶውን ጥግ አሳየችኝ። ለካስ በየክረምቱ፣ እኔ ከቤት ስወጣ ሳፋውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰርቨሩ ላይ ታስቀምጥ ኖሯል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ደግሞ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት አለ፦ «ኮምፒዩተር ላይ እርጥብ ነገር ማስቀመጥ ክልክል ነው።»

«ታዲያ ስነቅለው ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? የከለከልከኝን እየሠራሁበት ነው ልበል?»

ልጄ ከሊጡ አውራ ጣት የምታህል ቆርሳ አዲሷ ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጠች። «አባዬ፣ ይቺ ለአንተ ትበቃለች።»

መምህሩን ያውቅ እንደነበር ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ከዳቦው ይደርሰኝ ስለነበር አልተናገርኩም» አለኝ። ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከልጄ ጋር ዳቦ ቤት ሄድኩ። በኪሴ የነበረውን ሁሉ ቁጠባው ስለበላው የከፈለችው ልጄ ናት። መምህሩ ባጃጅ ይዞ መጣ። ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው ዳቦው ሲቀርብ አንድ እናት ባለቤቴን «ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» አሏት። ባለቤቴ አቀረቀረች፤ እኔን አልከሰሰችም። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የዳቦዋ ልስላሴ የትዕግሥት ፍሬ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ሰብኬአለሁ። ተነሥቼ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሊጡን ማሞቂያ ሳልጠይቃት ነቀልኩባት» አልኩ።

«እስከ ዛሬ የኮምፒዩተር ዳቦ ነው የበላነው በሉኛ» አሉ እኚያው እናት። ባለቤቴ ከሁሉም ቀድማ ሳቀች። ልጄ በጆሮዬ «ያለ ምክር ስትናገር የመጀመሪያህ ነው» አለችኝ።

አሮጌው ቦታው ተመልሷል። ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚበራው ሊጥ ሲቦካ ብቻ ነው። ወረቀቱን ገነጠልኩት። ሒሳቡ ይህ ነው፦ እኔ ለኮምፒዩተሯ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ባለቤቴ ለዱቄቱ ስድስት መቶ፣ ልጄ ለዳቦው አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ መምህሩ ለባጃጁ መቶ ሃምሳ፤ በድምሩ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ብር።