ለአንድ ቦታ ሁለት ቀኝ ክንፍ

ከአንድ የአዲስ አበባ ትልቅ ክለብ የተሰናበትኩት የልምምድ ሜዳ ዳር ቁጭ ብዬ ካልሲዬን ስስብ ነው። አሰልጣኙ ጠጋ ብሎ፣ ዛሬ መልበስ እንደማያስፈልገኝ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ጉልበቴ አንዴ ተጎድቶ ነበር፤ ድኗል ብዬ ብምልም ብገዘትም አላመነኝም። በሌላ ዘመን ቢሆን ከክለብ የተሰናበተ ልጅ ያለቅሳል፣ ሰው ያኮርፋል፣ ከዚያ ሌላ ክለብ ይፈልጋል። ያኔ ግን ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና እያፈሰ የሚወስድበት ጊዜ ነበር። ክለብ ያለው ልጅ መሥሪያ ቤት አለው፤ መሥሪያ ቤት ያለው መታወቂያውን አሳይቶ ያልፋል። እኔ በአንድ ቀን ሁለቱንም አጣሁ። ወደ ቤት የተመለስኩት በጓሮ በጓሮ ነው፤ የቀበሌያችን ጥበቃዎች ሁሉ ወሬውን ከእኔ ቀድመው የሰሙ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ውላ አላደረችም፤ ባቡር አሳፍራ አዋሽ ወደምትኖረው እህቷ ላከችኝ። የአክስቴ ባል የባቡር ሠራተኛ ነበርና ቤታቸው ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ይህ ለሌላ ሰው ደስ የሚል ነገር ይሆን ይሆናል። እኔ ግን ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር ወታደር የሚወርድ እየመሰለኝ ጓዳ ሮጬ እገባ ነበር። አክስቴ መጀመሪያ አዘነችልኝ፤ ሰንበትበት ሲል ግን መሳቅ ጀመረች። ዶሮዎቿ እንኳ ባቡሩን ለምደውት እኔ አለመልመዴን ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ታዲያ ኳስ አያስቀምጥም። አመሻሽ ላይ ከባቡር ሠራተኞቹ ልጆች ጋር አቧራው ላይ ስራገጥ፣ ወደ ዱብቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ተመለከተኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ጠርቶ አነጋገረኝ። ዱብቲ ያለው የጥጥ እርሻ የኳስ ቡድን እንዳለው፣ ቀኝ ክንፍ እንዳጡ፣ የተመረጠው ልጅ የእርሻው ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ እንደሚቀጠር አጫወተኝ። የእርሻውን ቋሚ ሠራተኛ ደግሞ ለውትድርና ማንም አይነካውም አለ። ይህችኛዋን ደጋግሜ አስወራሁት። በመጨረሻ ሰለቸውና ከፈለግኩ ነገ ጠዋት እንድሳፈር፣ ካልፈለግኩም እንድተወው ነግሮኝ ሄደ።

ይለፍ ወረቀት ስላልነበረኝ ጫኝና አውራጅ መስዬ መኪናው በጫነው ጆንያ ላይ ወጣሁ። ኬላ በደረስን ቁጥር ፊቴን በሻሽ ጠቅልዬ እንቅልፍ የወሰደኝ እመስላለሁ፤ ልቤ ግን ጆንያውን ሳይቀር የሚያነቃንቅ ይመስለኝ ነበር። ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን አለፍን። ዛሬ ሰመራ ተብላ ትልቅ ከተማ የሆነችው ቦታ ያኔ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ብቻ ነበረች። ሾፌሩ እዚያ ቆም ብሎ የመኪናውን ውሃ ሲሞላ፣ እዚህ አገር ሰው ቢያባርረኝ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደምደበቅ ፈለግኩ። ዛፍ አልነበረም።

የእርሻው ቡድን አሰልጣኝ የትራክተር ጥገና ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ሁሉም ጋሼ ይለዋል። እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ አየኝና፣ አንድ ሌላ ልጅ እንደቀደመኝ፣ ቦታው ግን አንድ ብቻ እንደሆነ ሳይደብቅ ነገረኝ። ቅዳሜ ከመንገድ ሥራ ካምፑ ቡድን ጋር ጨዋታ አለ፤ ሁለታችንንም ያሰልፈናል፤ ከዚያ አንዳችን ይቀራል፣ አንዳችን ይሄዳል። የምሄድበት እንደሌለኝ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። ያኛውም ልጅ ቢሆን መሄጃ ቢኖረው እዚህ ምን ያደርጋል?

ያኛው የድሬዳዋ ልጅ ነው። እሱም ከአገሩ ትልቅ ክለብ ተሰናብቶ የመጣ ነው፤ ምክንያቱ ቁመትህ አጭር ነው የሚል ነበር። እርሻው ካምፕ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ሰጡን። ከእኔ ጋር ለአንድ ቦታ መምጣቱን ረስቶት ይሁን ንቆት እንጃ፣ በገባሁበት ሰዓት አንሶላዬን ውሃ ነክሮ አነጠፈልኝና እዚህ የሚተኛው እንዲህ ነው አለኝ። ሲስቅ ቤቱ ይሞላል። ታላቅ ወንድሙ ተወስዶ ወሬው እንደጠፋ፣ እናቱ ሁለተኛ ልጅ ማጣት እንደማትችል የነገረኝም እንደዚያው እየሳቀ ነው። ወደድኩት። በቀትር ጋደም ሲል ደግሞ እግሮቹን በሰያፍ እያየሁ፣ እነዚህ እግሮች ከእኔ ይፈጥኑ ይሆን እያልኩ ከራሴ እግሮች ጋር አስተያያቸው ነበር።

ጊዜው ረመዳን ነበር፤ ያውም በበጋው ቃጠሎ። ከአሰልጣኙና ከእኔ በቀር ቡድኑ በሙሉ እስላም ነው፤ አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ፣ ጥቂቶቹ አፋሮች። አምበሉ ቦይ የሚከፍትና የሚዘጋ የውሃ ሠራተኛ፣ ረጋ ያለ የወሎ ሰው ነበር። በጾሙ ምክንያት ጨዋታ የሚጀመረው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ጀምበር ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዳኛው ያፏጫል፤ ሁለቱም ቡድኖች ሜዳው ዳር በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተቀላቅለው በተምርና በውሃ ጾማቸውን ያፈጥራሉ፤ ከዚያ ብርሃን እስካለ ድረስ የቀረውን ይጨርሳሉ። እንዲህ ያለ የኳስ ጨዋታ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር።

መከራዬ የመጣው ከይሉኝታ ነው። እነዚህ ሁሉ ከንፈራቸው ደርቆ እያየሁ እኔ ኩባያ ማንሳት አቃተኝ። በሌላው ቀን ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለው ቧንቧ ተደብቄ እጠጣ ነበር። ቅዳሜ ግን ከጭንቀቴ የተነሣ ከጠዋት ጀምሮ ከተጫዋቾቹ አልተለየሁም፤ ተለይቼ ብሄድ ስለ እኔ አንድ ነገር ይወስናሉ ብዬ። የድሬዳዋው ልጅ በፊታቸው ጀሪካኑን አንስቶ ጎንጨት ጎንጨት ሲያደርግ ዓይኔ ፈጠጠ። እየሳቀ መንገደኛ መሆኑን፣ መንገደኛ ማፍጠር እንደሚፈቀድለት፣ ቤቱ ሲገባ ያጎደለውን ቀን እንደሚጾም አስረዳኝ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። አምበሉ ያንኑ ጀሪካን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። አልጠማኝም አልኩት።

አሰልጣኙ እኔን በቀኝ፣ እሱን በግራ አሰለፈን፤ ከእረፍት በኋላ ሊያቀያይረን። ጨዋታው ሲጀመር የገባኝ ነገር ቢኖር እነዚህ ሰዎች እንደማይሮጡ ነው። ቀኑን ሙሉ ቦይ ዳር ጥላ ሥር ራሳቸውን ውሃ እየነከሩ ውለዋል፤ አሁንም የሚሮጠው ኳሱ ነው እንጂ እነሱ አይደሉም። እኔ አዲስ አበባ ያለሁ መስሎኝ ከመስመር መስመር በረርኩ። ተከላካዬን ሁለቴ አታልዬ አለፍኩትና ጎል የምትሆን ኳስ አሻገርኩ። ጋሼ በጨርቁ ፊቱን እየጠረገ አንገቱን ሲነቀንቅ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ደግሞ ይበልጥ አስሮጠኝ። በእረፍት ሰዓት አምበሉ አሁንም ውሃ ሰጠኝ፤ አሁንም አልጠማኝም አልኩ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ቃሉ ራሱ በመከራ ነው የወጣው።

ከእረፍት በኋላ ላቤ ቆመ። መጀመሪያ እንደ መልካም ነገር ቆጠርኩት። ቀጥሎ ጆሮዬ ውስጥ ዝንብ የገባ ያህል ጮኸ፤ በዚያ እሳት ውስጥ በረደኝ፤ ኳሱ ሁለት ሆኖ መጣ። በማዶ፣ በእኔ ቦታ፣ የድሬዳዋው ልጅ ኳሱን ደረቱ ላይ አሳርፎ ሲዞር ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው አፌ ውስጥ የገባውን አቧራ ነው። ዓይኔን ስገልጥ አዛን እያለ ነበር፤ ጨዋታውም ቆሟል። አምበሉ ራሱ ሳያፈጥር፣ ሰሌኑን ትቶ፣ አጠገቤ ተንበርክኮ በእጁ ውሃ እያፈሰሰ ግንባሬን ያርሰኛል።

«እኛ የጾምነው ለአላህ ነው የኔ ወንድም» አለኝ። «አንተስ ለማን ነው የጾምከው?»

ውሃውን ስጎነጭ መልሶ ወጣ፤ በተምራቸው አጠገብ ማስመለሴ ከመውደቄ ይልቅ አሳፈረኝ። የቀረውን ጨዋታ ከትራክተር ተጎታች ላይ ተጋድሜ አየሁ። ያ ልጅ በቀኝ መስመር ጉድ ሠራ። ሲያልቅ ጋሼ ትከሻውን ይዞ፣ ቦታው ያንተ ነው፣ ሰኞ ሠራተኛ አስተዳደር ገብተህ ትመዘገባለህ ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ሰባት ቁጥሯን ማልያ እንዳታወልቅ አለው። እዚያ ተጎታች ላይ ተኝቼ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገ በየትኛው መኪና፣ በየትኞቹ ኬላዎች እንደምመለስና የትኛው ላይ እንደምያዝ።

ልጁ ወደ ሆስፒታል ሊወስዱኝ ሲሉ መጣ። ደስታውን ከፊቱ ለመደበቅ ይታገል ነበር፤ አልቻለበትም። እግሬን ያዝ አደረገና ጠዋት ልብሴን ይዞልኝ እንደሚመጣ ነገረኝ። ከካምፑ እስከ ሆስፒታሉ በእግር ሩቅ ስለሆነ አትድከም አልኩት።

«አቦ ተወና!» አለኝ። «ሳልሰናበትህማ አትሄድም።»

በማግስቱ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ በሩን በሩን ሳይ አረፈድኩ። ረፋዱ አለፈ፤ አልመጣም። ቦታውን ካገኘ በኋላ ምን ይሠራለታል ብዬ ቅር አለኝ። ነርሷ ዛሬ ከተማው ጥሩ አይደለምና ከግቢ እንዳልወጣ ስትነግረኝ እንኳ ነገሩን ከእሱ ጋር አላያያዝኩትም፤ ለራሴ ብቻ ፈራሁ። ቀትር ላይ የመጣው አምበሉ ነው። የእኔን ቦርሳ ይዟል። አልጋው ጫፍ ተቀመጠና ሽንቴ መውጣት አለመውጣቱን፣ ምግብ መቅመስ አለመቅመሴን ጠየቀኝ። ልጁ የት አለ አልኩት።

ጠዋት ካምፑ ውስጥ ማንም አልተነካም አለኝ። አፈሳው ከካምፑ ውጪ፣ ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነበር፤ መኪና አቁመው አላፊውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ልጁ የእኔን ቦርሳ አንግቶ ወደ እኔ ሲመጣ ያዙት። መታወቂያ ሲሉት የለበሳትን ሰባት ቁጥር ማልያ አሳያቸው። የእርሻው ተጫዋች ነኝ፣ ነገ እመዘገባለሁ ብሎ ሲያስረዳቸው የሰማ ሰው አለ። ቦርሳውን ለአንድ መንገደኛ አቀብሎ፣ ለእኔ እንዲያደርስለት ለምኖ ወደ መኪናው ወጣ። ጋሼ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲደርስ መኪናው በሚሌ መንገድ ሄዷል።

ደነገጥኩ፤ እጄ ላይ የተሰካው ጎማ እስኪነቀል ድረስ ተነሥቼ ቆምኩ። አምበሉ ትከሻዬን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ። ከዚያ የተላከበትን ነገረኝ፤ ጋሼ ቦታው ያንተ ነው ብሏል፤ የአስተዳደር ጸሐፊው ዛሬውኑ እዚሁ አልጋህ ድረስ መጥቶ ይመዘግብሃል፤ እስከዚያ ከዚህ በር አትውጣ። እንዲህ ያለውን ቦታ አልፈልግም ለማለት ቃል ፈለግኩ። ግን አልፈልግም ብል የምሄደው እሱ ወደሄደበት ነው። ጸሐፊው መጣ፤ ስሜን ነገርኩት። ሲያንገበግበኝ እንኳ፣ ብዕሩ ሲጽፍ ሳየው ነፍሴ መለስ አለች።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ለእርሻው ተጫወትኩ። ሰባት ቁጥሯ ከእሱ ጋር ስለሄደች ለእኔ ቁጥር የሌለው ማልያ አሰፉልኝ። ውሃ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ፤ በረመዳንም፣ በፊታቸውም። ድሬዳዋ ወርጄ ቤቱን ያገኘሁት በሰላሙ ጊዜ ነው። እናቱ ስለ መወሰዱ ምንም አልሰሙም፤ ዱብቲ ሥራ ይዟል የሚል መልእክት ብቻ ደርሷቸው ነበርና፣ ከዚያ እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ልጄ እዚያው ነው እንዴ፣ ጤና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።