የሞተሩ ኃጢአት

ባለቤቴ ጠዋት ፊቱን ከመታጠቡ በፊት የመኪናውን ዘይት ያያል። ሃያ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳም እንዲሁ ነበር፤ የራሳችንን ነጭ ሚኒባስ ከገዛን በኋላማ ጭራሽ ባሰበት። የዘይት መለኪያዋን መዝዞ በጨርቅ ይጠርጋታል፣ መልሶ ይከታታል፣ እንደገና መዝዞ ወደ ብርሃን አንስቶ ያያታል። “እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብታየኝ ምናለ?” ስለው፣ “አንቺማ መቼ ጎድለሽ ታውቂያለሽ!” ይለኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ነው፣ ዘይት መቀየር ረስቶ ሞተር አቃጠለ ብዬ ሰው ፊት የከሰስሁት።

ሚኒባሷ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከመሸንቲ ሰው ጭና ስትመለስ ሰባታሚት ላይ አንኳኳች፣ አጓራች፣ ቀጥ አለች። ተሳፋሪው ወርዶ እያጉረመረመ በእግሩ ባሕር ዳር ገባ። ጋራዥ ተጎትታ ሞተሯ ሲወርድ ፒስተኑ ተሰንጥቋል፣ ዘይቱም የብረት ብናኝ ሞልቶታል። የሃያ ዓመት ልፋታችን እዚያ ተዘርግፎ አየሁት። ዋስትና አለን ብለን ለአስመጪው አመለከትን፤ መልሱ በማኅተም መጣ። “ጉዳቱ የደረሰው አሽከርካሪው ዘይት በወቅቱ ባለመቀየሩ ነው” ይላል።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካየሁ አምናለሁ፤ ክፉ አመሌ ነው።

“ረስተሃል” አልሁት።

“አልረሳሁም።”

“እንዲያ ከሆነ ማልልኝ።”

“ለብረት ብዬ የእግዜርን ስም አልጠራም” አለና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልምልም ሲል ጊዜ የዋሸ መሰለኝ።

ምላሴ ደግሞ ከጀመረ አያርፍም። ወጡ ጨው አነሰው ካለኝ፣ “ዘይት የሚረሳ ሰው ጨው ረሳሽ ይለኛል!” ነው መልሴ። ሦስት ወር ሙሉ ነዘነዝሁት። የቀድሞ አሠሪው መኪና ንዳልኝ ብሎ ቢልክበት እምቢ አለ። ድሮ የሰፈራችን ሰው መኪና ሲገዛ እሱን ሳያስከትል አይሄድም ነበር፤ ያን ሰሞን ግን አንድ ጎረቤታችን “እስቲ ና እይልኝ” ሲለው፣ “እኔ አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ” ብሎ መለሰው። ይህን ስሰማ እንኳ አላዘንሁለትም። “እሰይ፣ ጥፋቱን አወቀው!” አልሁ በልቤ። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምን፣ ተቀመጡ፣ እኔም ክሴን ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍሁት።

“አባታችን፣ ጥፋቱን ብቻ ይመን። እኔ ይቅር ልለው ዝግጁ ነኝ” አልሁ። የኔ ቸርነት!

ባለቤቴ አንገቱን እንደ ደፋ ነው። አባታችን ግን ነገሩ ያልጣማቸው ይመስላል። “መኪናዋ ነጭ ናት? እነዚያ ካቻምና የገቡት ዓይነት?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዎ፣ አባታችን።”

“ከመቆሟ በፊት ጠዋት ጠዋት ጭስ ነበራት?”

ባለቤቴ ቀና አለ። “ሰማያዊ ጭስ” አለ።

አባታችን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ወይ ጉድ! ምን ዓይነቱን ሥራ ሠራሁ!” አሉ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ደብራቸው ለደቅ ደሴት ገዳማት ስንቅ እስከ ጀልባው የምታደርስ እንደኛዋ ያለች መኪና ገዝቶ ነበር፤ እሷም ተቃጠለች። የሚነዳት የልጆች አባት የሆነ ጎልማሳ ዲያቆን ነው። “በስንፍናህ የቤተ ክርስቲያን ንብረት አጠፋህ ብዬ የአርባ ቀን ስግደት ሰጠሁት” አሉ። “እሱም አልረሳሁም እያለ ተቀበለኝ። ዛሬ ሠላሳኛው ቀኑ ነው፤ ይኸው ለሞተር ኃጢአት ይሰግዳል!”

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። “ፒስተኑ የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀ?” ብሎ ጠየቃቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ጋራዥ ሄድን። እዚያ ስንደርስ ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየጫነች የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ሴት እንደኛዋ የተቃጠለች መኪና አስጎትታ ቁማለች፤ አንድ የእህል ነጋዴም እንደሷው። ሴትዮዋ፣ “እኔኮ ዓይን በላኝ ብዬ ለማንም ሳልናገር ደበቅሁት” አለች። ነጋዴው ደግሞ ስለት ሳይከፍል በመቅረቱ የመጣበት መስሎት ኑሯል። ሁላችንም የየራሳችንን ጥፋት ፈልገን፣ አፍረን ቤታችንን ዘግተን ተቀምጠን ነበር።

ባለጋራዡ የዲያቆኑንም አስመጥቶ አራቱን ፒስተኖች ጆንያ ላይ ደረደራቸው። አራቱም አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቀዋል። “አራት ሰው ዘይት ቢረሳ እንኳ አራት ብረት አንድ ቦታ አይሰነጠቅም። ይኼ ከፋብሪካ ይዞት የመጣ ነው” አለ። አባታችን ሌላ ወሬ አልጠበቁም፤ ዲያቆኑን ይቅርታ ሊጠይቁ ከዚያው መንገድ ገቡ። እኛም አንድ ማመልከቻ ላይ ፈረምን። አስመጪው ተንገራግሮ ተንገራግሮ በኋላ ሞተሩን ለውጦልናል፤ ሚኒባሷም ዛሬ ደህና ትሠራለች፣ ተመስገን።

ያን ቀን ግን ሞተሩ ከሐሳቤም አልነበረ። በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ከፊት ከፊት ይሄዳል። በአገራችን ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን። ጎንበስ አልሁና አንድ ጥቁር ድንጋይ ትከሻዬ ላይ አወጣሁ፤ ትንሽ ባነሳ የቀለድሁ ይመስልብኛል ብዬ ትልቁን ነው ያነሳሁት። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ያዩኛል። ይዩኝ!

ዘወር ሲል አየኝ። “ኧረ ምን ሆነሻል! አውርጂው፣ ወገብሽን!”

“መጀመሪያ ይቅር በለኝ።”

“ይቅር ብያለሁ፣ አውርጂው” ብሎ ራሱ ተቀበለኝ። ድንጋዩን መሬት አስቀምጦ እጁን ሲያራግፍ ቆየ።

“ዘይቱን የቀየርሁበትን ቀን አውቀው ነበር” አለኝ። “ቦታውንም፣ አጠገቤ የነበረውንም ሰው አውቀው ነበር። አንቺ ስትደጋግሚብኝ፣ ስትደጋግሚብኝ ጊዜ ግን ጠፋኝ። እውነትም ረስቼ ነው ብዬ አምኜ ነበርኮ።”

እንባዬ መጣ። እጁን ያዝሁና “አልረሳህም” አልሁት። ትንሽ ሄድን፤ “አልረሳህም” አልሁት። ድልድዩን ስንሻገር አልሁት፣ ገበያው መሐል አልሁት፣ በራችን ላይም አልሁት።

“በቃ ሰማሁ” አለ።

እኔ ግን አላቆምሁም።